ካርዱ ሲቀየር የሚጠፋው ስንኝ፦ ያልተቋረጠ የቪዲዮ ቀረጻ በሥነቃል የመስክ ጥናት

መግቢያ

በሥነቃል ጥናት ስለ አሰባሰብ ዘዴ ሲነገር በአብዛኛው የሚነሡት ጉዳዮች የመረጃ አቀባዮች አመራረጥ፣ የቃለ መጠይቅ አካሄድ፣ የክዋኔው ተፈጥሯዊ ወይም ሰው ሠራሽ አውድ፣ እንዲሁም ከቃል ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ችግሮች ናቸው። መቅረጫው ራሱ «መረጃው በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጿል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ በታለፈው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ከዚያም ውስጥ በአንዲት ቅጽበት ላይ ነው፤ ይኸውም ክዋኔው እንደቀጠለ ካሜራው ውስጥ ያለው ሜሞሪ ካርድ ሞልቶ ሌላ በሚተካበት ቅጽበት ላይ ነው።

ጉዳዩ የዕቃ አያያዝ ጉዳይ መስሎ ሊታይና ለባለሙያ ሊተው ይችላል። እኔ ግን የሥነጽሑፍ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ የጽሑፍ ምርመራ ጉዳይ አድርጌ አየዋለሁ። የብራና መጻሕፍትን የሚያጠና ሰው ንባቡን ከመጀመሩ በፊት ጥራዙን ይቆጥራል፤ ቅጠል ጎድሎ እንደሆነ ከየትኛው ገጽ በኋላ እንደጎደለ ይመዘግባል። ከጎደሎው መጽሐፍ የገለበጠ ጸሐፊ ግን ጉድለቱን ሳያስተውል ሁለቱን ገጾች አያይዞ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው አንባቢ ቅጂው ሙሉ ነው፤ የተቀደደ ቅጠልም ሆነ ባዶ ቦታ አይታይበትም። በካርድ መቀየር ምክንያት የጠፋ ስንኝም የሚጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። በተለይ የአማርኛ ቃል ግጥም ቤት የሚመታ በመሆኑ፣ ጉድለቱን ራሱ ቤቱ ይሸፍነዋል።

የሁለት ሸክላ ብልሃት

ችግሩ ከሜሞሪ ካርድ ዘመን የቀደመ ነው። ሚልማን ፓሪ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1935 በዩጎዝላቪያ የደቡብ ስላቮችን የጀግንነት ዘፈኖች በሚሰበስብበት ጊዜ የዘመኑ ሸክላ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። እንደኛ ማሲንቆ ባለ ደጋንና ባለ አንድ ክር የሆነውን ጉስላ እየመቱ የሚያዜሙት ባለሙያዎች የሚያወርዱት ዘፈን ግን ሰዓታት ይወስዳል። ፓሪ በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት በዋተርበሪ ከተማ ያሠራው መሣሪያ ሁለት የሸክላ ማዞሪያዎች ጎን ለጎን የተተከሉለት ነበር። አንዱ ሸክላ ሊሞላ ሲል ቀረጻው በመቀያየሪያ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል፤ ሁለተኛው በሚዞርበት ጊዜ የመጀመሪያው ተነሥቶ በባዶ ይተካል። በዚህ አኳኋን የተሞሉትና ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት የአሉሚኒየም ሸክላዎች ከ3500 በላይ ናቸው።

ይህን ያህል የደከመበት ምክንያት ግልጽ ነው። የፓሪ ጥያቄ ዘፋኙ እያዜመ እንዴት ያሰናኛል የሚል ነበር። በየጥቂት ደቂቃው «ቆይ» የሚባል ዘፋኝ የሚያሰናኘው በሌላ መንገድ ስለሆነ፣ በማቋረጥ የሚገኘው መረጃ ለጥያቄው መልስ አይሆንም። ተማሪው አልበርት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው «ዘ ሲንገር ኦቭ ቴልስ» በዜማ የተቀረጸውን በቃል እያስጻፉ ከተገኘው ይለያል። ከ12000 ስንኝ የሚበልጠው የአቭዶ ሜጄዶቪች «የስማይላጊች ሜሆ ሠርግ» እ.ኤ.አ. በ1935 የተገኘው በማስጻፍ ነው። ሎርድ እንደሚለው ብልህ ዘፋኝ የጸሐፊውን እጅ ፍጥነት ከለመደ ማስጻፉ የበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጠዋል። እንግዲህ መቋረጥ ሁልጊዜ መጥፎ ግጥም ያስገኛል ማለት አይቻልም፤ ሌላ ግጥም ያስገኛል ማለት ግን ይቻላል። አጥኚው የትኛውን በእጁ እንደያዘ ማወቅ ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ በመጣው በካሴት ዘመን ነገሩ ተድበስብሶ ቆየ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ፣ ባለ 90ው ደግሞ 45 ደቂቃ ይይዛል። ሰብሳቢው «አንዴ ይታገሡኝ፣ ካሴቱን ላዙር» ይላል፤ ከዋኙ ጉሮሮውን ያርሳል፤ ሲጀምር ካቆመበት ሳይሆን ከመግቢያው ስንኝ ይነሣል። እንዲህ የተሰበሰበ ግጥም በጽሑፍ ሲወጣ ሁለት «ክፍሎች» ያሉት ሊመስል፣ አጥኚውም ክፍፍሉን ለከዋኙ ጥበብ ሊሰጠው ይችላል። የቆዩ ካሴቶችን የሚጠቀሙ ተማሪዎች በግጥሙ መካከል የመግቢያ ስንኝ ተደግሞ ሲያገኙ ሰዓቱን ማስላት አለባቸው፤ ቦታው 30ኛው ወይም 45ኛው ደቂቃ አጠገብ ከሆነ የመደጋገሙን ትርጓሜ ማቆየት ይሻላል። ካሴት ግን አንድ ደግነት ነበረው። ሲቆም ቀጭ ይላል፤ ድምፁም ይቀረጻል። የዛሬው ካርድ ግን ያለ ድምፅ ነው የሚቀየረው።

የቅብብል ቀረጻ አሠራር

ሜሞሪ ካርድ ስል በተለይ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውንና ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች የሚሠራበትን ኤስ ዲ ካርድ ማለቴ ነው። የካርዱ ይዘት በጊጋባይት ይነገራል፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ግን በሰዓት ስንት ይይዛል የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ካሜራው በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚጽፍ በማውጫው ላይ ይገኛል፤ ያን ለ8 አካፍሎ በ3600 ማባዛት በአንድ ሰዓት ስንት ሜጋባይት እንደሚሄድ ይሰጣል። በሴኮንድ 28 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በሰዓት 12.6 ጊጋባይት፣ 50 ሜጋቢት የሚጽፈው 22.5፣ 100 ሜጋቢት የሚጽፈው 45 ጊጋባይት ይበላል። ስለዚህ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ በመጀመሪያው 5 ሰዓት ያህል ሲያገለግል፣ በሁለተኛው ከ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ በሦስተኛው ከ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አያልፍም። በምሽት ተቆሞ ሲነጋ የሚያበቃን ማኅሌት፣ ወይም ከማለዳ እስከ ቀብር የሚዘልቅን ለቅሶ ለሚቀርጽ ሰው ካርድ መቀየር የማይቀር ነው።

«ለምን ትልቅ ካርድ አንገዛም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። መግዛት ይቻላል፤ ባለ 256ው በሴኮንድ 50 ሜጋቢት ለሚጽፍ ካሜራ ከ11 ሰዓት በላይ ይበቃል። ነገር ግን ያ አንድ ካርድ ከተበላሸ ሌሊቱ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። በተጨማሪም በየትምህርት ክፍሉ ካሉት የቆዩ ካሜራዎች ብዙዎቹ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ አይቀበሉም።

ባለ አንድ ማስገቢያ ካሜራ ካርዱ ሲሞላ ይቆማል። ቀራጩ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ያወጣል፣ ያስገባል፣ ይዘጋል፣ ካሜራው አዲሱን ካርድ አንብቦ እስኪነቃ እንደገና ይጠብቃል። የእጅ ልምድ ያለው ሰው እንኳ በዚህ ከግማሽ ደቂቃ ያላነሰ ያጠፋል። አንዳንዶቹ ካሜራዎች የካርዱን ክዳን ከባትሪው ጋር ከሥር ስላደረጉት ካሜራውን ከማቆሚያው መንቀል ያስፈልጋል፤ ይህማ ከአንድ ደቂቃም ይዘላል።

ባለ ሁለት ማስገቢያው ካሜራ የፓሪን ሁለት ሸክላ ያስታውሳል። በማውጫው «ሪሌይ ሪኮርዲንግ» ተብሎ የሚገኘውን ምርጫ እኔ የቅብብል ቀረጻ እለዋለሁ፤ የዱላ ቅብብል እንደምንለው። ካርድ «ሀ» ሲሞላ ካሜራው ራሱ ወደ ካርድ «ለ» ይሸጋገራል። በሽግግሩ ጊዜ የሚመጣው ምስልና ድምፅ በካሜራው ውስጥ ባለ ጊዜያዊ ማከማቻ ለአፍታ ስለሚጠራቀም ከቀረጻው የሚጎድል ነገር አይኖርም። «ለ» በመጻፍ ላይ ሳለ «ሀ» ወጥቶ ባዶ ካርድ ይገባል፤ «ለ» ሲሞላ ደግሞ ቀረጻው ወደ «ሀ» ይመለሳል። ካርዶች እስካሉና ባትሪ እስከቆየ ድረስ መጨረሻ የለውም።

እዚህ ላይ ግን ካሜራ ሁሉ አንድ አይደለም። ከ«ሀ» ወደ «ለ» አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ «ለ» ሲሞላ የሚቆም አለ፤ በቀረጻ ላይ ክዳኑ ሲከፈት የሚያቋርጥም አለ። ሁለቱን ማስገቢያዎች ለጣምራ ቀረጻ፣ ማለትም አንዱን ነገር በሁለቱም ላይ ለመጻፍ ያዋለ ሰውም በዚያው ጊዜ ቅብብሉን ያጣል። (ክዋኔው በአንድ ካርድ የሚያልቅ ከሆነ ጣምራው፣ የማያልቅ ከሆነ ቅብብሉ ይመረጣል ባይ ነኝ።) የፎቶግራፍ ካሜራዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በአውሮፓ የጉምሩክ አመዳደብ ምክንያት ለረጅም ዓመታት የተሠሩት ብዙዎቹ ካርዱ ባይሞላም 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ራሳቸውን ያቆማሉ። ቀራጩ ዓይኑ ከዋኙ ላይ ሆኖ ይህን ሳያይ አሥር ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል።

ካሜራው የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጽሐፉ ይናገራል፤ እኔ ግን ፈተናውን አምናለሁ። ከጉዞው በፊት ሁለት ትናንሽ ካርዶች፣ ለምሳሌ ባለ 4 ጊጋባይት፣ አስገብቶ ቀረጻ መጀመር፤ አንድ ሰው ካሜራው ፊት ቆሞ ፊደል ገበታውን ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እንዲቆጥር ማድረግ ነው። በሽግግሩ ላይ አንድ ፊደል ቢዋጥ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሰባቱ ድምፆች ሥርዓታቸው በልጅነታችን የገባ ስለሆነ የትኛው እንደጎደለ ማንም ይለያል። በሴኮንድ 28 ሜጋቢት ለሚጽፍ ካሜራ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ በ19 ደቂቃ ያህል ስለሚሞላ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሽግግር ማየት ይቻላል።

ጎደሎ ግጥም ሙሉ ሆኖ ሲነበብ

ለምርመራ ከቀረቡልኝ የመስክ ስብስቦች በአንዱ፣ ቤተሰቡ ፈቅዶ የተቀረጸ የለቅሶ ግጥም ነበር። አልቃሿ የሟቹን ወንድም በጣም የሚያሳፍር ነገር ትናገረዋለች። አጥኚው ይህን ይዞ ሙሾ ዘመድን እስከ መንቀፍ የሚደርስ ነጻነት እንዳለው በሰፊው አትቷል፤ ሐሳቡ በራሱ እውነትነት ያለው ነው። የቸገረኝ በአባሪው ላይ ያለው ቃለ መጠይቅ ነበር፤ አልቃሿን አስጠርቶ ያስመጣው ያው ወንድም መሆኑን ይናገራል። የቤተሰቡን ግጥም እዚህ ማውጣት ስለማይገባኝ፣ የሆነውን ለማስረዳት እኔው ያሰናኘሁትን አራት ስንኝ አቀርባለሁ።

ወንድሙማ መጣ ከሩቅ አገር ሰምቶ፣
አለቀሰ ከደጅ ፊቱን ነጭቶ ነጭቶ፤
ጎረቤቱ ግና እንጀራውን በልቶ፣
እርሻ ሲያርስ ዋለ ሬሳ ከቤት ትቶ።

አሁን ሁለተኛውና ሦስተኛው ስንኝ ካርድ ሲቀየር ጠፉ እንበል።

ወንድሙማ መጣ ከሩቅ አገር ሰምቶ፣
እርሻ ሲያርስ ዋለ ሬሳ ከቤት ትቶ።

የቀሩት ስንኞች ምጣኔያቸው አልተዛባም፤ ቤቱ መትቷል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ ትርጉሙም ከመጀመሪያው ይልቅ ይቆጠቁጣል። ፊቱን ሲነጭ የዋለው ወንድም ሬሳ ትቶ ያረሰ ሆነ፤ ጎረቤትየው ደግሞ ከነነቀፌታው ከግጥሙ ወጣ። በጉባኤ ቃና አንድ ቤት ቢጎድል፣ ወይም ስምንት ቤት የሆነው መወድስ ስድስት ሆኖ ቢገኝ፣ ቅኔ የቆጠረ ሁሉ ጉድለቱን ይይዛል፤ የቤቱ ቁጥር የታወቀ ነውና። ሙሾ፣ ፉከራ፣ ቀረርቶና የአዝማሪ ግጥም ግን የተወሰነ ቁጥር የላቸውም። በአንድ ቤት ሁለትም አራትም ስምንትም ስንኝ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ግጥሙ ውስጥ ጉድለቱን የሚጠቁም ምስክር አይገኝም።

ምስክሩ የተገኘው ከፋይሎቹ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የተጀመረበትን ሰዓትና ርዝመቱን ይይዛል። በዚያ ስብስብ የመጀመሪያው ካርድ የመጨረሻ ፋይል የተጀመረው ከረፋዱ 4፡07፡20 ሲሆን ርዝመቱ 18 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነበር፤ ስለዚህ ያበቃው 4፡25፡50 ላይ ነው። የሁለተኛው ካርድ የመጀመሪያ ፋይል የተጀመረው 4፡26፡33 ላይ ነው። መካከሉ 43 ሴኮንድ ነው። አልቃሿ በዚያ ለቅሶ ላይ አንድ ጥንድ ስንኝ ለማውረድና ተቀባዮቹ እስኪመልሱ 11 ሴኮንድ ያህል ትወስድ ስለነበር፣ አራት ጥንድ ገደማ ጠፍቷል ማለት ነው። ወንድሙን ያሳፈሩት ስንኞችም የተጋጠሙት እዚያው ላይ ነበር።

ተማሪው ወደ ቦታው ተመልሶ አልቃሿን ጠየቀ። ያለችውን አላስታወሰችም፤ ማስታወስም አይጠበቅባትም። ስትለመን ስለ ሟቹ ሌሎች ስንኞች ሰጠች፤ ጥሩ ስንኞች ነበሩ፤ የጠፉት ግን አልነበሩም። የሎርድን መጽሐፍ ያነበበ ይህ አያስገርመውም። በመጨረሻ ጽሑፉ ላይ ክፍተቱ ተመልክቶ በእነዚያ ስንኞች ላይ የተገነባው ትንታኔ ወጣ። መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ሰው በስሙና በቀበሌው ወንድሙን ሳይቀብር የቀረ ተብሎ ይነበብ ነበር።

ኮምፒዩተር ላይ የሚጠፋው

ቅብብሉ በትክክል ሠርቶ እንኳ ቀረጻው ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ሊጎድል ይችላል። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች የሚጠቀሙበት ፋት 32 የተባለው የፋይል አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይፈቅድም። ስለዚህ ካሜራው በሴኮንድ 28 ሜጋቢት ሲጽፍ በየ20 ደቂቃው አንዱን ፋይል ዘግቶ ሌላ ይከፍታል። ሲጽፍ ምንም አያቋርጥም፤ ቁርጥራጮቹ አንድ ሆነው እንዲነበቡ የሚያደርገው ማውጫ ግን በሌሎች አቃፊዎች ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ተማሪው የቪዲዮ ፋይሎቹን ብቻ መርጦ ከገለበጠና በማረሚያ ፕሮግራም ላይ ተራ በተራ ከደረደራቸው፣ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት ፍሬሞች፣ በተለይም ድምፁ፣ ሊዋጡ ይችላሉ። በሶኒና በፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ኤቪሲኤችዲ በተባለው አቀራረጽ ይህ የታወቀ ነገር ነው። መፍትሔው የካርዱን አቃፊዎች በሙሉ ስማቸው ሳይለወጥ መገልበጥና ቁርጥራጮቹን ከካሜራው ጋር በሚመጣው ወይም ማውጫውን ማንበብ በሚችል ፕሮግራም ማጋጠም ነው።

«ጥቂት ፍሬም ምን ይጎዳል?» ለሚል የምሰጠው መልስ ከቋንቋችን የተወሰደ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም በሚቀርጽ ካሜራ ሦስት ፍሬም ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይበልጣል። በዚያች ጊዜ የጠበቀ ተነባቢ ላልቶ ሊሰማ ይችላል። «ይበላል» ሲላላና ሲጠብቅ የሚበላውና የሚበላው ሰው ይለያያሉ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በፊደል ሳነብ የቱ የትኛው እንደሆነ አንባቢ መገመት ግድ እንዳለበት ሁሉ፣ የተቆረጠ ድምፅ የሚገለብጥም ይገምታል። ኅብረ ቃል የሚያጠብቅና የሚያላላ ግጥም በዚህ ቦታ ላይ ቢወድቅ ወርቁ ከሰሙ ሊለይ አይችልም።

ሌላው ብዙ የማይታሰብበት ነገር የጊዜ ቁጥሩ ነው። ካሜራዎች በፊልሙ ላይ የሚጽፉት የሰዓት፣ የደቂቃ፣ የሴኮንድና የፍሬም ቁጥር በሁለት መንገድ ይሄዳል። «ሬክ ራን» በተባለው ቁጥሩ ካሜራው ሲቀርጽ ብቻ ይሄዳል፤ ሲቆም ይቆማል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ተቋርጦ ቢቀጥል እንኳ ቁጥሩ ተከታታይ ሆኖ ይታያል፤ ጎደሎውን መጽሐፍ ገጾቹን እንደ አዲስ እንደ መቁጠር ማለት ነው። «ፍሪ ራን» በተባለው ግን ቁጥሩ እንደ ሰዓት ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ ክፍተት ከተፈጠረ ቁጥሩ ይዘልላል። የፊልም ሠሪዎች የመጀመሪያውን ቢመርጡ ለሥራቸው ስለሚመቻቸው ነው። ለሥነቃል ሰብሳቢ ሁለተኛው ይሻላል፤ ክፍተቱን ከነርዝመቱ ያጋልጥለታልና።

ሁለተኛ ምስክር

ሁለት ማስገቢያ ያለው ካሜራ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አነስተኛ የድምፅ መቅረጫ ከጎን ያስቀምጥ። በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት ስቴሪዮ የሚቀረጽ ድምፅ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ብቻ ስለሚፈልግ፣ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ 30 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ምስሉ ግማሽ ደቂቃ ቢጠፋ ቃሉ ይተርፋል። መጀመሪያ ላይ በሁለቱም ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብ በኋላ ሁለቱን ለማገጣጠም ይረዳል፤ የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት በረጅም ቀረጻ ትንሽ ትንሽ ስለሚራራቅ መጨረሻ ላይም መድገም ጥሩ ነው። በለቅሶ ቤት ማጨብጨብ ነውር ስለሆነ ግን በዚያ ቀኑንና ቦታውን በለሆሳስ መናገር ይበቃል፤ ድምፁ በሁለቱም ላይ ስለሚገኝ ያገጣጥማል።

ምስሉ ከድምፁ የማይተርፍባቸው ክዋኔዎችም አሉ። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ካርዱ የተቀየረው ታዳሚው በሚሰጥበት ጊዜ ከሆነ ስንኙ በአዝማሪው አፍ ስለሚደገም አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሰጪው ነው። በጽሑፉ ላይ ግጥሙ የአዝማሪው ሆኖ ይመዘገባል። ድምፅ መቅረጫው ከአዝማሪው አጠገብ ተቀምጦ ከኋላ ወንበር የመጣውን ቃል በጫጫታው ውስጥ ላይለየው ይችላል፤ ማን እንደተናገረ የሚያሳየው ምስሉ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ባለ አንድ ማስገቢያ ካሜራ የያዘ ሰው ካርዱ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። አዝማሪው ሽልማት ሲቀበል ወይም ማሲንቆውን ሲቃኝ፣ ካርዱ ሩብ ያህል ቢቀረውም መቀየር ይመረጣል። በለቅሶም እንዲሁ አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ አልቃሿ ትንፋሽ የምትወስድበት ጊዜ አለ። መቀየሪያውን ሰዓት ካሜራው ሳይሆን ክዋኔው ይወስነው።

የወጣው ካርድ ወዲያው በጎኑ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ተገፍታ፣ ቁጥር ተጽፎበት ከባዶዎቹ ርቆ መቀመጥ አለበት። በሌሊት በጧፍ ብርሃን ሙሉውንና ባዶውን መለየት የሚቻለው በኪስ ነው፤ እኔ ባዶዎቹን በቀኝ፣ ሙሉዎቹን በግራ አደርጋለሁ። የካሜራው ቀይ መብራት እየበራ ካርድ ማውጣት የዚያን ካርድ ማውጫ ሊያበላሽ ይችላል። ሁለት ቦታ ሳይገለበጥም የትኛውም ካርድ እንደገና ፎርማት አይደረግም።

በጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው ምልክት

በግልባጩ ላይ መጋጠሚያዎችን ሁሉ እንዲያሳዩ ለተማሪዎቼ የምሰጠው አጻጻፍ አጭር ነው። ካርዱ በቅብብል ከተቀየረና የተቋረጠ ነገር ከሌለ በስንኞቹ መካከል [ካርድ 1/2፣ ክፍተት የለም] ተብሎ ይጻፋል። ክፍተት ካለ [ካርድ 1/2፣ ክፍተት 43 ሴኮንድ] ይባላል። በድምፅ መቅረጫ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ከድምፅ ብቻ የተገኙት ስንኞች በጎናቸው «ድ» ፊደል ይደረግባቸዋል። በአንድ ፋይልና በሚቀጥለው መካከል ያለውንም ማመልከት ይገባል፤ በኋላ ሌላ አጥኚ አንድ ተነባቢ ጠብቋል ላልቷል ብሎ ሲከራከር ቦታው ከመጋጠሚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት ይችላል።

ለቤተ መዛግብት በሚሰጠው ቅጂ ላይ የተጋጠመው አንድ ወጥ ፊልም ብቻ አይበቃም። ከየካርዱ የወጡት የመጀመሪያዎቹ አቃፊዎች ከነሰዓታቸው አብረው መግባት አለባቸው። የካሜራው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ያም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት የተወረደውን ሙሾ ንጋት ላይ የተባለ አድርጎ ይወስደዋል።